የወፍ አባራሪዎቹን መልሱልን፦ ለአየር ማረፊያችን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

መስከረም 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአየር ማረፊያችን ሥራ አስኪያጅ፣
ለደኅንነት ክፍል ኃላፊው፣
ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ራምፕ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላን በሚቆምበትና በሚጫንበት ሜዳ ላይ፣ የምንሠራ ሰዎች ነን። ሻንጣ እንጭናለን፣ እናወርዳለን፣ አውሮፕላኑ እንዳይንከባለል ጎማ ሥር ማገጃ (ቾክ) እናስገባለን፣ አውሮፕላን በእጅ ምልክት እንቀበላለን፣ ጎህ ሳይቀድ መንደርደሪያውን እየዞርን እንፈትሻለን። የአየር ማረፊያውን ስም ሆን ብለን አልጻፍነውም። እናንተ ታውቁታላችሁ። የምንፈልገው ችግሩ እንዲስተካከል ነው እንጂ የማንም ስም እንዲጠፋ አይደለም። በአደባባይ የጻፍነውም በውስጥ ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስቱንም ጊዜ መልስ ስላጣን ነው።

ነገሩን ያመጣው ነሐሴ ውስጥ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችው ባለ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ናት። ሁለት ውሳኔ ይዛለች። ከመጀመሪያው በረራ በፊት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚደረገው የመንደርደሪያ ፍተሻ ቀርቶ ከረፋዱ ፍተሻ ጋር ይጠቃለላል። ወፍ የሚያባርሩት ሁለት ሠራተኞች ደግሞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ። ምክንያቱም ከሥሩ ተጽፏል፦ «በተደረገው የስጋት ግምገማ የወፍና የእንስሳት ስጋት 3ዲ ሆኖ ስለተገኘ።»

ይህ 3ዲ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገር። በአቪዬሽን ማንኛውም ስጋት በሁለት ነገር ይለካል። ቁጥሩ «የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ለሚለው ነው። 5 ማለት ደጋግሞ የሚደርስ፣ 1 ማለት ይደርሳል ተብሎ የማይታሰብ። ፊደሉ ደግሞ «ቢደርስስ ምን ያህል ይጎዳል?» ለሚለው ነው። ኤ ማለት አውሮፕላን የሚጠፋበት፣ ሰው የሚያልቅበት። ኢ ማለት ከቁም ነገር የማይገባ። የእኛ የወፍ ስጋት 3ዲ ነው ሲባል እንግዲህ ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ቢደርስም ጉዳቱ ቀላል ነው ማለት ነው። ሰንጠረዡ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካዎ፣ ከሚያሠለጥንበት የተወሰደ ነው፣ እኛም ተምረነዋል። በሰንጠረዡ ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን እናንተ በሞላችሁት ላይ ነው።

መጀመሪያ ፊደሏን እንያት።

የግምገማው ወረቀት እንደሚለው እስካሁን እኛ ጋ ወፍ ያደረሰው ጉዳት የአውሮፕላን አፍንጫ በደም መቀባትና አንድ ጊዜ መብራት መሰንጠቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀላል ተባለ። ግን ስጋት የሚለካው እስካሁን በደረሰው ሳይሆን ሊደርስ በሚችለው የከፋ ነገር ነው። ይህን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፣ ባሕር ዳር ይበቃናል።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመብረር ተነሣ። ገና ሲነሣ የርግብ መንጋ ገባበት። በአንዱ ሞተር ብቻ አልነበረም፣ በሁለቱም ነው የገባው። ፓይለቶቹ ወደ ኋላ ሊመልሱት ታገሉ። ሞተሮቹ ግን አልቆዩላቸውም። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያወጣ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ይህን ያደረገው ንስር ወይም ጥንብ አንሳ አልነበረም። ጣራችን ሥር ቤት ሠርታ የምትኖረው፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ዓይኗ ዙሪያውን ቀይ የሆነች ተራ ርግብ ናት። ዘንድሮ 37 ዓመቱ ነው። አብዛኞቻችን ያኔ አልተወለድንም፣ ግን ሥራ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ቀደምቶቻችን ያስቀመጡን ይህን ሊነግሩን ነው።

የቅርብ ጊዜ ካስፈለገ ደግሞ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ፣ ሙአን ላይ የሆነው አለ። ከ181 ሰዎች 179ኙ ሞቱ። በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ የዳክዬ ላባ ተገኝቷል። እርግጥ እዚያ ወፉ ብቻ አልነበረም፣ ከመንደርደሪያው ማብቂያ ወዲያ የነበረው የኮንክሪት ጉብታም ነበር። ነገር ግን ሰንሰለቱ ሲመዘዝ እዚያም ወፍ አለበት።

ስለዚህ ፊደሏ ኤ ናት። ኤ ከሆነች፣ የእናንተን 3 እንኳ እንዳለ ብንቀበለው ውጤቱ 3ኤ ይሆናል። 3ኤ በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ቀይ ነው። ቀይ ማለት ሥራው በዚህ ሁኔታ መቀጠል የለበትም ማለት ነው። ሰው ማዛወር ቀርቶ ሰው መጨመር ነበረባችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። የእኛ አየር ማረፊያ ደጋ ላይ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረጅም መንደርደር ይፈልጋል። ቆላ ላይ በቶሎ የሚነሣው አውሮፕላን እኛ ጋ መሬቱን ሲጋፋ ይቆያል። ወፍ ሲገባበት የሚተርፈው ጉልበትም ትንሽ ነው። ከሌላ አገር የተገለበጠ ግምገማ ይህን አያውቀውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዋናው ቅሬታችን ያለው እዚህ ነው።

3 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ወረቀቱ ይናገራል፦ «ባለፉት ስድስት ወራት የቀረቡት የስጋት ሪፖርቶች 2 ብቻ በመሆናቸው።» እውነት ነው፣ ሁለት ብቻ ነው ያቀረብነው። ግን ለምን ሁለት ብቻ እንደሆነ ከእናንተ መካከል ማንም አልጠየቀንም። ስለዚህ ሳትጠይቁን እንነግራችኋለን።

ካቻምና ክረምት ላይ፣ ዝናብ ሲያካፋ ባደረ አንድ ጠዋት፣ አንድ ወጣት ባልደረባችን ቤልት ሎደር፣ ሻንጣ ወደ ጭነት ክፍሉ የሚያወጣውን ባለ ቀበቶ መኪና፣ ወደ አውሮፕላኑ እያስጠጋ ነበር። አስፋልቱ ረጥቧል። ፍሬኑን ያዘ፣ ጎማው አንሸራተተው፣ የሎደሩ ጫፍ ከካርጎው በር ሥር የአውሮፕላኑን አካል ነካ። ድምፁን የሰማነው እሱና አጠገቡ የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እንደ ቆርቆሮ ኳ የሚል ነገር ነው። ልጁ ወርዶ በመዳፉ ዳሰሰው። ምንም አይታይም። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን ሮጦ ሄዶ ለሱፐርቫይዘሩ ተናገረ። መካኒክ መጣ፣ መብራት እያበራ አየ፣ ለካ፣ ችግር የለውም አለ። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ዘገየ። መንገደኛው አጉረመረመ።

ልጁ ምን አገኘ? የሰባት ቀን ደመወዝ ቅጣትና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ደብዳቤው «በቸልተኝነት በረራ በማዘግየት» ይላል። የመንሸራተቱ ነገር፣ ያ የራምፑ ጥግ ውኃ እንደሚያቁር ቀደም ብለን ማመልከታችን፣ የሎደሩ ጎማ እንደተላጨ፣ አንዱም አልተጠቀሰም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ካፒቴን ከበረራ በፊት ባትሪ ይዞ አውሮፕላኑን ሲዞር ከኋላው በር አጠገብ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ጉድጓድ አገኘ። ማን እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከእኛ መካከል የሚያውቅ ሰው ካለ እንኳ አይናገርም። ይህን ስንጽፍ እያፈርን ነው። ግን እውነቱ ይህ ነው። የሰባት ቀን ደመወዝ ለእናንተ ምን እንደሆነ አናውቅም። ለእኛ የወሩ ጤፍ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ጉድጓዱ ለምን ያስፈራል? አውሮፕላን ሽቅብ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር እንደ ፊኛ ይወጥረዋል። ሲወርድ ይረግባል። በየበረራው ይወጠራል፣ ይረግባል። የተጎዳ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። ሻንጣ ጫኝ መሐንዲስ አይደለም፣ ይህን ያህል ግን ተምሯል። ስለዚህ ነው «ነካሁት» ብሎ የሚናገር ሠራተኛ ወርቅ ነው የምንለው። እናንተ ያንን ሠራተኛ ቀጣችሁት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሎደር ብቻ ሳይሆን ስለ ምንም ነገር ሪፖርት ማድረግ ቀረ። ወፍ አየሁ ቢል «የት ነበርክ?» ይባላል። አጥሩ ተቀዷል ቢል «ማን ቀደደው? ለምን ዝም አልክ?» ይባላል። ሰው አፉን ዘጋ። ሪፖርቱ ሲቀንስ እናንተ ስጋቱ የቀነሰ መሰላችሁ። ግምገማውን የሠራችሁት በእኛ ዝምታ ላይ ነው። ዝምታውን ያመጣው ደግሞ ቅጣቱ ነው።

የኢካዎ አባሪ 19 የሚባለው የደኅንነት አመራር ሕግ ሰዎች በፈቃዳቸው ሪፖርት የሚያደርጉበት ሥርዓት እንዲኖር፣ በዚያ የተገኘ መረጃም እንዲጠበቅ ይጠይቃል። ይህ ማለት ጥፋተኛ አይቀጣ ማለት አይደለም። ጠጥቶ መኪና የነዳ ይቀጣ። ሆን ብሎ የደበቀ ይቀጣ። እርጥብ አስፋልት ላይ ተንሸራትቶ ወዲያው የተናገረ ግን ከነዚያ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

የግምገማው ሌላው ጉድለት ወቅቱ ነው። ወፎቹ የተቆጠሩት ሐምሌ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። እኛ እዚህ አገር የተወለደ ሰው ሐምሌ ላይ ርግብ ይቆጥራል ብለን አናስብም ነበር። ርግቡ የሚመጣው እህሉ ሲመጣ ነው። ከኅዳር ጀምሮ በአጥሩ ዙሪያ ያሉት ገበሬዎች ጤፍና ዳጉሳ አጭደው አውድማ ላይ ሲያበራዩ ሰማዩ ይጠቁራል። ጠዋት ከማደሪያቸው ወደ አውድማው፣ ማታ ከአውድማው ወደ ማደሪያቸው ይበራሉ። መንገዳቸው መንደርደሪያውን ያቋርጣል። የጠዋቱ ጉዞ ደግሞ ከጠዋቱ የመጀመሪያ በረራ ጋር በሰዓት ይገጥማል። ጾም ሲፈታ ሌላ ነገር ነው። ከከተማው ቄራ ጀርባ የሚጣለው አንጀትና ቆዳ አባ ኮዳውንና ጥንብ አንሳውን ይሰበስባል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀናት ከመንደርደሪያው በስተ ምሥራቅ ባዶ ዛፍ አይገኝም። በግቢው ውስጥ ያለው ሣር በጨረታ ለታጫጅ ይሰጥና ታጭዶ እዚያው ተከምሮ ይከርማል። አይጥ ይገባበታል። አይጡን ፍለጋ ጭልፊት ይመጣል። ይህን ሁሉ የሐምሌው ሳምንት አያሳይም።

ይህን ማን እንደሚያውቅ ታውቃላችሁ? ጋሼ ያውቃሉ። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ካዛወራችኋቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጅ ሆነው የአባታቸውን ማሽላ ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ የጠበቁ ሰው ናቸው። እዚህም ሥራቸው ያው ነበር። ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ወንጭፍ ይወረውራሉ፣ የፒክአፑን ጥሩምባ ይነፋሉ። ግን ጥበባቸው ድምፁ ላይ አይደለም። ወፍ ይለምዳል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ድምፅ ካሰማኸው በሳምንቱ ቀና ብሎም አያይህም። ጋሼ ቦታ ይቀያይራሉ፣ ሰዓት ይቀያይራሉ፣ አንዳንድ ቀን ምንም ሳያሰሙ ዝም ብለው ይራመዳሉ። አንድ ጠዋት አብሯቸው የወጣ ልጅ ያየውን እንንገራችሁ። ጋሼ ከመኪና ወርደው ሣሩ ውስጥ ተንበረከኩ። አንድ እፍኝ ነገር ዘግነው መዳፋቸው ላይ በተኑት፣ እፍ አሉበት። ገለባው በረረ፣ ፍሬው ቀረ። ዳጉሳ ነበር። አጥሩን የሚያቋርጥ ጭነት አህያ ላይ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ። «ይኼ ካልተጠረገ ነገ እዚህ ሁለት መቶ ርግብ ነው» አሉ። ጠረጉት። በማግሥቱ ርግብ አልመጣም። እንዲህ ያለ ሥራ ወረቀት ላይ አይታይም። የሚታየው ቢቀር ነው።

አሁን ጋሼ ካርቶን ይቆጥራሉ።

ስለ አጥሩም እናውራ። በደቡብ በኩል ያለው ሽቦ የተቀደደው በሌባ አይደለም። እዚያ የነበረው የእግር መንገድ ከአየር ማረፊያው በፊት የነበረ ነው። የወዲያኛው ቀበሌ ሰው ቅዳሜ ገበያ የሚሄደው በዚያ ነው። ዙረህ ሂድ ሲባል ጭነት ተሸክሞ አንድ ሰዓት ይጨምርበታል። ስለዚህ ይቀድደዋል፣ እናንተ ትሰፉታላችሁ፣ እሱ ይቀድደዋል። ዐምና ጥር ላይ አመሻሽ አንዲት አህያ መንደርደሪያው መሀል ቆማ ነበር። ያየናት እኛ ነን፣ በሬዲዮ ለታወሩ (ለበረራ መቆጣጠሪያ ማማው) ተናገርን፣ ሊያርፍ የተቃረበው አውሮፕላን ከፍ ብሎ ዞረ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው መፍትሔ «አጥሩ ይጠገናል» የሚል ነው። ተጠገነም። በሳምንቱ ተቀደደ። ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ «መንገዱን በዚህ በኩል እንሥራላችሁ፣ እናንተም አጥሩን ጠብቁልን» ያለ ሰው ግን የለም። ሰዉ ክፉ አይደለም። አውሮፕላን ሲወድቅ ማየት የሚፈልግ ገበሬ የለም።

በዚያው ቀዳዳ ሌሊት ጅብ ይገባል። ጎህ ሳይቀድ የሚደረገው ፍተሻ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ያንን ፍተሻ የሠራ ሰው ነው። ከምናገኛቸው ነገሮች የሻንጣ ጎማ፣ ሽቦ፣ ቡሎን፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ የተሰበረ ቁልፍ አሉ። አንድ ሌሊት ግን የመኪናችን መብራት መሀል መስመሩ ላይ ነጭ ነገር አሳየን። ቀርበን ስናይ የበሬ መንጋጋ ነው፣ ከነጥርሱ። ጅቡ ከቄራው ጎትቶ አምጥቶ ሲበላ አድሮ ጥሎት ሄዷል። አንስተን መኪናው ላይ ጫንነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው አውሮፕላን በዚያው መስመር ላይ ተንደረደረ። በአዲሱ ማስታወቂያ መሠረት ያ አጥንት እስከ ረፋድ እዚያው ይቆይ ነበር።

ፓሪስ ላይ ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ኮንኮርድን የጣለው 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ቁራጭ ነው። ከሌላ አውሮፕላን ላይ ወድቆ መንደርደሪያው ላይ ቀርቶ ነበር። ጎማውን ቆረጠው፣ የጎማው ቁራጭ የነዳጅ ጋኑን መታው፣ 113 ሰው ሞተ። እርግጥ ያ ብረት የወደቀው ከደቂቃዎች በፊት ስለሆነ የንጋት ፍተሻ ብቻውን ሁሉን ነገር ያድናል አንልም። ሌሊቱን ሙሉ ተጋድሞ ያደረን አጥንት ግን ያድናል።

ስለ ሺፍቱ ብዙ አንልም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። የመጨረሻውን በረራ ያስተናገደው ቡድን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይገባል። በረራ ከዘገየማ ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ጫማውን የሚያጠልቅበት ሰዓት ይደርሳል። የደከመ ሰው ሎደር ይነዳል፣ የደከመ ሰው የካርጎ በር ይዘጋል። ይህ በግምገማው ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

«ገምግመናል» ስትሉን ለምን እንደማንረጋጋ ልንነግራችሁ ይገባል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን አውሮፕላን እዚህ አገር የሚረሳ የለም። 157 ሰው። ከዚያ በፊት ጥቅምት 2011 ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበር። ከሁለቱ አደጋዎች መሀል፣ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ተቀምጠው ስጋቱን አስልተው ነበር። ምንም ካልተስተካከለ ያ ዓይነት አውሮፕላን በአገልግሎት ዘመኑ እስከ 15 የሚደርስ ተመሳሳይ አደጋ ሊያደርስ ይችላል የሚል ቁጥር ወጣ። ቁጥሩ ነበር። ስሌቱ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ፣ ማስተካከያው እስኪመጣ ተብሎ። ማስተካከያው ሳይመጣ የእኛው ወደቀ። ስሌት ብቻውን ሰው አላዳነም። የእኛን ነገር ከዚያ ጋር እኩል ነው አንልም። ግን አንድ ስጋት ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ፣ መሬት ላይ ምንም ሳይለወጥ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያየን ሰዎች ነን።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ፍተሻና ሁለቱ ወፍ አባራሪዎች ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ይህ ግምገማ እስኪደገም አይጠብቅም። ኅዳር ሳይገባ፣ እህሉ አውድማ ሳይወጣ መሆን አለበት።

ግምገማው እንደ አዲስ ይሠራ። በአንድ ሳምንት ሳይሆን ቢያንስ መኸሩንና የፋሲካን ሰሞን ያካተተ ይሁን። ሲሠራ ጋሼም፣ ከራምፕ አንድ ሰው፣ ከታወር አንድ ሰው፣ ከፓይለቶችም አንድ ሰው ይቀመጡበት። ውጤቱ ለሁላችን ይነበብ።

የባልደረባችን ቅጣት ይነሣ፣ የተቆረጠበት ይመለስለት፣ ማስጠንቀቂያው ከፋይሉ ይውጣ። ይህን የምንለው ለእሱ ብቻ ብለን አይደለም። ይህ ካልሆነ ሌላ ምንም ብትሉን ሪፖርት የሚያደርግ ሰው አታገኙም። ከዚያ ቀጥሎ፣ በቅን ልቦና ተሳስቶ ወዲያው የተናገረ ሠራተኛ እንደማይቀጣ በጽሑፍ፣ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ይለጠፍልን። የማይማረው ጥፋት ምን ምን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። ያኔ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሪፖርት ያቀረበ ሰው በ10 ቀን ውስጥ መልስ ያግኝ። «አይቻልም» እንኳ ቢሆን ለምን እንደማይቻል ይነገረው። ሪፖርቱ ቁጥር ተሰጥቶት የት እንደደረሰ ሰሌዳው ላይ ይታይ።

የአጥሩን ነገር ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር፣ የቄራውን ነገር ከከተማው ጋር ተቀምጣችሁ ጨርሱት። የእኛ ደመወዝ ተቆርጦ ጅቡ አይቀርም። የታጨደው ሣር ከግቢው በሦስት ቀን እንዲወጣ ከታጫጁ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ይግባ። ውኃ የሚያቁረው የራምፕ ጥግ ይስተካከል፣ የሎደሮቹ ጎማ ይቀየር። በሁለት ሺፍት መሀል የሚኖረው የዕረፍት ሰዓትም በቁጥር ይወሰን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ከእናንተ ጋር ለመነጋገር ነው። የፈለጋችሁትን ቀን ከመካከላችሁ አንድ ሰው ላኩልን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ በር ላይ እንጠብቀዋለን። ብርድ ስለሆነ ካፖርት ይያዝ። መኪናው ውስጥ ቦታ አለ፣ የእጅ ባትሪ እኛ እንሰጠዋለን፣ መንደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አብረን እንዞረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በራምፕ፣ በጭነትና በመንደርደሪያ ፍተሻ የምንሠራ ሠራተኞች
በተወካያችን፣ የጠዋቱ ሺፍት ቡድን መሪ